ዳዊት መድገምና ቪዲዮ መድገም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሦስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ጽሑፉን የሚያነበው ከመካከላችን አንዱ ቢሆንም ያዘጋጀነው ሦስታችን ስለ ሆንን «እኛ» እያልን እንናገራለን። ሁለታችን ከቢቸና ዙሪያ ከገጠር መጥተን በከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንማር ስንሆን፥ ሦስተኛው የሞጣ ልጅ ሆኖ ከአጎቱ ቤት ተቀምጦ የሚማር ጓደኛችን ነው። ይህን ማስታወቃችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክፍሉ የእኛ፥ ስልኩ የእርሱ ስለ ሆነ ነው። ስልኩንም የላከችለት በዓረብ አገር የምትሠራ እኅቱ ናት። ስለ እርስዋ ኋላ እንመለስበታለን።

የንግግራችንን ርእስ ያገኘነው በመንገድ ላይ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጓደኛችንን ለመሸኘት ከቢቸና ተነሥተን በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ስንጓዝ፥ ሾፌሩ ከፊት በተሰቀለው ስክሪን ላይ አንድ የዘፈን ቪዲዮ ከፈተልን። ዘፈኑ አለቀ፤ እንደ ገና ተጀመረ። አለቀ፤ ተጀመረ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ በእናቶቻቸው ጭን የተቀመጡት ሕፃናት እንኳ በቃላቸው ያዙት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ ይህ ሰውዬ ሌላ የሚለው ነገር የለውም?» ብለው ጠየቁ። ሾፌሩም፥ «አባባ፥ ፍላሹ ላይ ያለችው እርስዋ ብቻ ናት» ሲል መለሰ። ሰው ሁሉ ሣቀ። እኛም ሣቅን፤ ነገር ግን በኪሳችን ያለውንና ማታ ማታ የምናደርገውን ስናስታውስ ሣቃችን ወደ ራሳችን ተመለሰ።

ለወላጆቻችን ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ድሮ አንድ ዘፈን መድገም ሥራ ነበረው። እናንተ እንደምትነግሩን፥ በካሴት ዘመን ክሩን ወደ ኋላ ለመመለስ እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ አስገብቶ ማሽከርከር የተለመደ ነበር፤ ይኸውም የቴፑ ድንጋይ ቶሎ እንዳያልቅ ነው። እንግዲህ ለመድገም የፈለገ ሰው መፈለጉን በእጁ ድካም ያሳይ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ቫይን የተባለ መተግበሪያ ስድስት ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ቪዲዮ ያሳይ ነበር፤ ቪዲዮው ሲያልቅም ማንም ሳያዝዘው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቫይን እ.ኤ.አ. በ2017 ቢዘጋም ልማዱ ግን አልተዘጋም። በቲክቶክም ሰው በጣቱ ገፍቶ ካላሳለፈው በቀር ያው ቪዲዮ እየተመለሰ ይጫወታል። ስለዚህ ዛሬ ድካም የሚጠይቀው ማቆሙ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። የኢንተርኔት ጥቅል ገንዘብ ይፈጃል። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረን ሀብት አስቀድሞ በስልኩ ሆድ ውስጥ የተጫነው ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ እየተቀበለ፥ አንዲት ቪዲዮ ሰፈሩን ሁሉ ዞራ ስትጨርስ እንደ ገና ወደ ጀመረችበት ስልክ ትመጣ ነበር። ያችኑ ደጋግመን ብናይ የሚገርም አይሆንም፤ ሌላ ምን ነበረን?

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በአማርኛችን «ደገመ» የሚለው ቃል ጓዙ ብዙ ነው። ሰው ያንኑ ነገር ሁለተኛ ቢያደርግ ደገመ ይባላል። ጠዋት ተነሥቶ መዝሙረ ዳዊትን ቢያነብ ዳዊት ደገመ ይባላል። ከዚያው ሥር ደግሞ «ድግምት» የሚለው ቃል ይወጣል፤ እርሱም ሰውን አፍዝዞ ያስቀራል ተብሎ የሚፈራው ነው። ቪዲዮ መድገም ከየትኛው ይመደባል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስታችን አንድ ሙሉ ማታ ተከራክረን፥ ሻያችን በርዶ፥ ሳንስማማ ተኝተናል።

አገራችን የመድገም አገር መሆኑን ማንም አይክድም። ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅ፥ መርጡለ ማርያም በቤተ ክህነት ትምህርት የታወቁ ቦታዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ፊደል ከቈጠረ በኋላ መጀመሪያ ግዕዝ፥ ቀጥሎ ውርድ፥ ከዚያም ቁም ንባብ እያለ ያንኑ ገጽ በልዩ ልዩ አነባበብ ይመላለስበታል። ማታ ደግሞ መብራት ሳይኖር የቃል ትምህርት ይማራል፤ ዐዋቂው ይላል፥ ተማሪው ይቀበላል። ልብ በሉ፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚታይ መጽሐፍ የለም። ከተማሪው አፍ ያልወጣው ነገር ሁሉ አልተማረውም። በእኛ ክፍል ግን ማታ የስልኩ ብርሃን በሦስታችን ፊት ላይ ያበራል፤ የሚናገረው ስልኩ ብቻ ነው፤ የሦስታችን አፍ ዝግ ነው።

ቅኔ ቤት ሲደረስ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ተማሪው መምህሩ የሚነግሩትን ቅኔ ሰምቶ በቃሉ ይይዛል፤ እስከዚህ ድረስ መድገም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብቻውን ወደ ዱር ወርዶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ይኸውም የራሱን ይፈጥራል ማለት ነው። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አድርጎ ቢዘርፍ ያፍራል፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነውና። የጎጃም ሊቃውንት በዚህ ይመሰገናሉ። እኛ ግን አንድ ጊዜ ስንኳ ስልኩን ዘግተን ወደ ዛፍ ሥር አልወረድንም ነበር።

ገበሬው አባታችንም ደጋሚ ነው። በዚህ አካባቢ የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ እንደሚታረስ ታውቃላችሁ። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ከአባቱ ኋላ እየተከተለ ሳለ አንድ ያልገባው ነገር ነበር፤ አባቱ ሁለተኛውን እርሻ በፊተኛው ትልም ላይ አያርሱም፥ አቋርጠውት ይሄዳሉ። ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው አጎንብሰው በእጃቸው አሳዩት። ማረሻው ሹል ስለ ሆነ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል። በዚያው ትልም ላይ አሥር ጊዜ ቢመላለሱበት ትልሙ ይጠልቅ እንደ ሆነ ነው እንጂ ያ አፈር እንደ ጠነከረ ይኖራል። ልጁም «እሺ» አለና ረሳው። ያስታወሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ነው።

እንግዲህ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በማዕዘን ስለ ተወረወረ ድንጋይ እንቅስቃሴ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ቪዲዮ ነበረን። ድንጋዩ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት፥ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ወደ ላይ ተወረወረ፤ የስበቱ መጠን 10 ይባል። አስተማሪው ሲያሰላ ድንጋዩ 5 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከተወረወረበት ሜዳ ላይ ተመልሶ እስኪወድቅም 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየነው አናውቅም። አስተማሪው የት ላይ እንደሚስል እናውቃለን። ጠመኔው የት ላይ እንደሚሰበር እናውቃለን፤ ሊሰበር ሲልም ሦስታችን አብረን «ቀጭ!» እንላለን። ትምህርቱንም ያወቅነው መሰለን።

በማግሥቱ መምህራችን ያንኑ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ጻፉት። ደስ ብሎን ሁላችንም እጃችንን አወጣን፤ ከእኛም አንዱ ተጠራ። መምህራችን ግን ጠመኔውን ከመስጠታቸው በፊት አንዲት መሥመር ጨመሩ፤ ድንጋዩ የተወረወረው ከ15 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ገደሉ ሥር ለመድረስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? ጓደኛችን ብዙ ቆመ። ከዚያም «2» ብሎ ጻፈ። መምህሩ፥ «ሜዳው ላይ 2፥ ገደሉ ላይም 2? ይህን ማን ነገረህ?» አሉት። እርሱም በቅንነት «ስልኩ» ሲል መለሰ። ከሣቁ በኋላ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች፥ ስልክም ቪዲዮም የሌላት አንዲት ልጅ ተነሥታ፥ ከአፋፉ በታች ያለውን 15 ሜትር ከስሌቱ ውስጥ አስገብታ፥ 3 ሴኮንድ እንደሚሆን አሳየች። ይህችን ልጅ ዛሬም በመካከላችሁ ተቀምጣ እናያታለን፤ ስምዋን አንጠራም፥ ታፍርብናለች።

እንግዲህ ይህ የእኛ ስንፍና ብቻ ነውን? ብለን መጠየቃችን አልቀረም። ኔትወርክ ሲመለስ ስንፈልግ፥ ነገሩን በፈተና የመረመሩ ሰዎች እንዳሉ አገኘን። በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካርዳስና ኦብራያን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን አጫጭር ቪዲዮ ያሳዩ ነበር፤ ሳሕኖቹ ሳይወድቁ የጠረጴዛ ልብስ ከሥራቸው መንጥቆ ማውጣት፥ ዳርት መወርወር፥ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ መደነስ፥ እነዚህንም የመሰሉ። አንዳንዱ አንድ ጊዜ፥ አንዳንዱ 20 ጊዜ አየ። 20 ጊዜ ያዩት ችሎታቸው የጨመረ መስሏቸው በራሳቸው ተማመኑ። ዳርቱን ሲወረውሩና ዳንሱን ሲሞክሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ካዩት የሚበልጡ ሆነው አልተገኙም። የሚያስደንቀው ሌላው ነገር ይህ ነው፤ ሦስት ነገር እየወረወሩ መቅለብን ያዩት ሰዎች የሚወረወረውን ዕቃ ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው እንዲይዙ ቢደረግ ያ መተማመን ወዲያው ቀነሰ።

ይህን ስናነብ የአንድ ጓደኛችን ነገር ትዝ ብሎን በጣም ሣቅን። ይህ ልጅ ለዘመዱ ሠርግ እስክስታ ለማጥናት አንድ ቪዲዮ ክረምቱን ሙሉ ሲያይ ከረመ። እያንዳንዱ የትከሻ ምት በየት እንደሚመጣ በጣቱ ቈጥሮ ይነግረን ነበር። በሠርጉ ቀን ከበሮው ሲመታ ገባ፤ ዐይኑ ያውቃል፥ ትከሻው ግን አልሰማም። አንዲት እናት፥ «ምነው ልጄ፥ በርዶህ ነው?» አሉት።

ሁለተኛው ጥናት ከእኛ ትምህርት ጋር የበለጠ ይቀራረባል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ለተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ተሰጠ፤ አንዱ ወገን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሁለተኛውን ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለት ጊዜ ያነበቡት በለጡ፤ ከመቶ 81 አስታወሱ፥ ሌሎቹ 75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ያነበቡት 42 ሲቀራቸው፥ ጽሑፉን ሳያዩ የጻፉት 56 አስታወሱ። እኛን ያታለለን ያ አምስት ደቂቃ ነው። ማታ ቪዲዮውን ዘግተን ስንተኛ ሁሉ ነገር በራሳችን ውስጥ አለ፤ ፈተናው ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይሰጥም።

ስለ ፈተና ካነሣን ዘንድ፥ ነገሩ የሣቅ ብቻ አለመሆኑን ወላጆቻችን ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ስልክ ነው ብሎ የሚናገር ቢኖር አንስማማም። ለወራት የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ፤ መጽሐፍ ያልደረሰው ተማሪ አለ፤ ይህን ሁሉ በስልክ ማሳበብ አይገባም። የምንለው ይህን ያህል ነው፤ ከመቶ ሦስትና አምስት ባለፈበት ፈተና ፊት፥ እናቱ በየሳምንቱ ድርቆሽና ቆሎ ቋጥራ የምትልክለት ልጅ ያላወቀውን ያወቀ መስሎት ቢቀመጥ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ደንብ አወጣን። ቪዲዮውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እናያለን። ሁለተኛ ስንከፍተው አስተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሲጨርስ እናቆመዋለን፤ ስልኩ በመደቡ ላይ በፊቱ ይደፋል፤ ሦስታችንም ለየብቻችን በደብተር እንሠራለን። ሠርተን ስንጨርስ ከመልሱ ጋር እናስተያያለን። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ከመካከላችን አንዱ መምህራችን እንዳደረጉት ጥያቄውን ያበላሸዋል፤ ሜዳውን ገደል፥ 30ውን 60 ያደርገዋል። ይህ ማበላሸት ከሁሉ ይከብዳል፤ ያልገባውን ሰው ያጋልጣልና። አባቶቻችን ትልሙን የሚያቋርጡት ለዚህ ኖሯል ያለው ያ የገበሬ ልጅ ነው። ቪዲዮ በበዛበት በዚህ ዘመን አንዲቱን ብቻ ይዘን ስንቀመጥ የሚያሾፉብን አሉ። ይሁን እንጂ ስልኩ ከቀድሞው ይልቅ ሳይሞላ ብዙ እንደሚቆይ አስተውለናል፤ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳችን ግን እስከ ዛሬ በአንድ ነገር አይስማማም። የዘፈንና የቀልድ ቪዲዮ መድገምም አብሮ ይቅር ሲባል፥ «ደክሞኝ ስመጣ ያችኑ የማውቃትን ዘፈን መስማት ዕረፍት ነው፤ አዲስ ነገር እኮ ራሱ ያደክማል» ይላል። ሐሰት ነው ለማለት አልቻልንም። ነገር ግን አንድ ዐይነት ቪዲዮ መድገም አለ፥ በእርሱ ላይ ሦስታችንም ፈርተናል፤ እርሱም የወሬና የስድብ ቪዲዮ ነው። ሐሰት የሆነ ነገር እንኳ ደጋግሞ ከተሰማ ጆሮ ስለ ለመደው እውነት እንደሚመስል አጥኚዎች ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ጽፈዋል። በኪራይ ግቢያችን አንድ ሰው የሚያናድደውን ቪዲዮ ጠዋትም ማታም ሲከፍት እንሰማ ነበር፤ በመጨረሻ ያልነበረበትን ነገር በዐይኑ እንዳየ አድርጎ ይነግረን ጀመር። ድግምት የሚለውን ቃል ለዚህ ሰጥተነዋል።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል ከፋሲለደስ ዘመን የቆየ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለ ፈረሰ፥ ሰዎች ከወዲህና ከወዲያ ሆነው በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው፥ ኬን ፍራንትዝ የሚባል፥ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየና በ2002 ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ድልድዩን አስጠገነው። ጓደኛችን ይህን ሲነግረን፥ «እኛ ብንሆን ፎቶግራፉን ሃምሳ ጊዜ አይተን ‹ወይ ጉድ!› ብለን እናልፈው ነበር» አለ። ትንሽ ጨምሮበት ይሆናል፤ ግን ዝም አልን።

አሁን ስለ እኅቱ እንናገር ብለን ነበር። ፈቅዶልናል፤ እናቱም ፈቅደዋል።

ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ ጥቂት ቀን በፊት እኅቱ ለእናትዋ አርባ ሰከንድ ያህል የሚሆን ቪዲዮ ልካ ነበር። በአሠሪዎችዋ ወጥ ቤት ቆማ፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። «እማየ፥ ደኅና ነኝ፤ አታስቢ። ክረምቱ እንዴት ነው? ዝናቡ በረታ ወይ?» ትላለች፤ ከዚያ አንድ ሰው ሲጠራት ዘወር ትላለች፥ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሌላ ቪዲዮ አልመጣም። እናትየው በሞጣ ማታ ማታ ራት ካበሉ በኋላ ያችኑ አርባ ሰከንድ ይከፍቱ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጓደኛችን፥ «ይህን ያህል መድገም ይጎዳቸዋል» ብሎ ስልኩን ሊደብቅባቸው ሁሉ አስቦ ነበር። አንድ ማታ ግን ከበሩ ኋላ ሆኖ ሰማቸው። ልጅቱ «ዝናቡ በረታ ወይ?» ስትል እናትየው ይመልሱላታል። በነሐሴ፥ «አዎን ልጄ፥ በርትቷል» ነበር መልሳቸው። በመስከረም መጨረሻ፥ «ወጣ እኮ፤ አደይ አበባው ሜዳውን ሞላው» አሉ። በኅዳር ሲሄድ ደግሞ፥ «ምን ዝናብ አለ አሁን፤ አጨዳ ላይ ነን» ሲሉ ሰማቸው።

ይህን ሲነግረን ሁለታችን በጽሑፋችን ውስጥ አስቀድመን ያሰናዳነውን አንድ ገጽ ቀደድነው። በዚያ ገጽ ላይ፥ አንድ ቪዲዮ ከሦስት ጊዜ በላይ ማየት የሰነፍ ሥራ ነው የሚል ነበረበት።

ኔትወርክ ከተመለሰ ወዲህ እኅቱ ብዙ ትልካለች፤ ወፍራለች፥ ጠጉርዋንም ተሠርታለች፤ ቪዲዮውም የጠራ ነው። ባለፈው እኛ ሞጣ ሄደን በቤታቸው ባደርን ጊዜ እናትየው አዲሱን አሳዩንና፥ እንግዳ ተስተናግዶ ካበቃ በኋላ ጥግ ይዘው የድሮውን ከፈቱ። ልጃቸው፥ «እማየ፥ አዲሱ እያለልሽ?» ሲላቸው፥

«አዲሱንማ አይቼዋለሁ» አሉት። «ስለ ዝናቡ የጠየቀችኝ ግን በዚህኛው ነው።»